ላንቃው አይተኮስም

«አፉን ሳይከፍቱ እንዴት አወቁት፣ ዶክተር?»

«ነገርኩሽ እኮ። ጸጉሩን እዪው፣ ቆሟል። ጎኑን እዪው፣ አጥንቱ ይቆጠራል። ትላትል ነው።»

«ጎኑንማ እኔም አይቻለሁ። የማይበላ ፈረስ ጎኑ እንዲህ ይሆናል። እኔ የምጠይቅዎ ለምን እንደማይበላ ነው።»

«ትላትል ስላለበት።»

«ትላትል ያለበት ፈረስ ሣሩን አኝኮ አኝኮ መልሶ ይተፋዋል?»

ሐኪሙ ወደ ፈረሱ ጠጋ አለ። መርፌውን አስቀድሞ ሞልቶ ይዞታል፤ መርፌ የሞላ ሰው ደግሞ ሐሳቡን አይቀይርም። ከኋላዬ ጥጃ ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሰውዬ «ኧረ ልጅቷ፣ ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» አሉ። ዶሮዎች በካርቶን ይዛ የቆመችው ሴት ሳቀች። የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው የሳቀው ሳቅ ሁሉንም ያዳርሳል። ያልሳቅነው እኔና ዳማው ፈረሴ ብቻ ነን። እሱ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ፣ ከከንፈሩ ቀጭን ምራቅ እያንጠባጠበ ቆሟል። የምራቁ ሽታ እኔን አልፎ ዶሮዎቹ ጋ ደርሷል። ሐኪሙ ጋ ብቻ አልደረሰም።

«ለመሆኑ ባለቤቱ የት አለ?» አለ ሐኪሙ፣ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ።

«እኔ ነኝ።»

«ማለቴ... የሚነዳው።»

«የሚነዱት አጎቴ ናቸው። ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። ፈረሱ ሣር ሲበላ፣ ማለትም ለመብላት ሲታገል፣ ጠዋት ቀርጬው ነበር። ሐኪሙ ስልኩን ሲያይ ፊቱን አኮሳተረ። «ልትለቂብኝ ነው እንዴ?»

«ለእርስዎ ነው የቀረጽኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ።»

አየ። መንጋጋው በአንድ በኩል ብቻ ሲዞር፣ ከዚያ የተድበለበለው ሣር ከከንፈሩ ጥግ ሲወድቅ፣ ፈረሱም የወደቀውን እንደማያውቀው ነገር ሲያሸተው አየ። መርፌውን ዝቅ አድርጎ ቪዲዮውን ደገመው። መድገሙ ጥሩ ሐኪም እንደሆነ ነገረኝ፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ማወቅ የሚችል ሰው ነው፣ ወረፋው ነው እንዳያውቅ ያደረገው።

«አፉን የሚይዝልኝ ጠንካራ ሰው ከሌለ አልከፍትም» አለኝ በመጨረሻ። «ጣቶቼ ያስፈልጉኛል። ነገ ከሰዓት አጎትሽን ይዘሽ ነይ።»

ይህንን መጀመሪያ ቢለኝ ኖሮ ባለጥጃው ሰውዬ የሚስቁበት ነገር አያገኙም ነበር። «ለትላትሉ ይውጉት፣ አልቃወምም» አልኩት። «ነገ ግን አፉን ያዩልኛል።» ወጋው። ፈረሴን ይዤ ስወጣ ሴትዮዋ «አይዞሽ እህቴ፣ ወንዶች እንዲሁ ናቸው» አለችኝ። ስለ ሐኪሙ ይሁን ስለ ፈረሱ አልገባኝም።

ዳማው የአባቴ ፈረስ ነበር። አባቴ ሲያርፍ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ፈረሱንና ጋሪውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ምክንያታቸው «ሣር የምታጭድለት እሷ ናት» የሚል ነበር። ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ሣር ማጨድ አንድ ነገር ነው፣ በሐዋሳ መንገድ ላይ ጋሪ ላይ ቆሞ መንዳት ሌላ። እኔ ለመንዳት አላፈርኩም ነበር፤ ያፈረው ሰፈሩ ነው። ስለዚህ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ባለጋሪነትን ከአባቴ ጋር አብረው የጀመሩት አጎቴ፣ ይነዱታል፤ ያገኙትን እንካፈላለን። በወረቀት ያልሰፈረው ውላችን ሲጠቃለል ይኸው ነው፦ ፈረሱ የእኔ፣ ልጓሙ የአጎቴ።

ጋሪ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ሰው የሚባለውን ጭነት ባጃጅ ወስዶታል። ከአስፋልቱም ተባረናል፤ የቀረልን የምሥራቅ ክፍለ ከተማ የውስጥ ለውስጥ ኮብልና አቧራ ነው። ሐይቅ ዳር ለሙሽሮች ፎቶ ተብሎ ግንባራቸው ላይ ጥልፍ የሚታሰርላቸው ፈረሶች አሉ። የእኛ የብሎኬትና የሽንኩርት ፈረስ ነው። አጎቴ ጠዋት ይወጣሉ፣ ለአዲስ ቤት አሸዋ ያመላልሳሉ፣ ቤት የሚቀይር ተከራይ ካገኙ ፍራሽና ቁምሳጥን ይጭናሉ። ማታ ፈረሱን መልሰው ሲያስረክቡኝ «ያው ልጅሽ» ይሉኛል። ቀልዳቸው ነው። ልጄ ከሆነ ታዲያ ስለ ልጄ ስናገር ለምን አይሰሙኝም እላለሁ እኔ።

መጀመሪያ ያየሁት ያንን የተድበለበለ ሣር ነው። ጋጣውን ስጠርግ አረንጓዴ ድብልብል፣ የጎመን ጉርሻ የሚያህል፣ እዚህም እዚያም ወድቆ አገኘሁ። ያልተዋጠ ግን የታኘከ። ለአጎቴ አሳየኋቸው።

«ጠግቦ ነው» አሉ።

በሳምንቱ ልጓሙን ሲያስገቡለት ራሱን ወደ ሰማይ ወረወረ። ይህን ደግሞ አጎቴ «ስንፍና ተማረ» ብለው ተረጎሙት። በአጎቴ ዘንድ ፈረስ የሚይዘው ሁለት በሽታ ብቻ ነው፦ ጥጋብና ስንፍና። የሁለቱም መድኃኒት ጅራፍ ነው። ጭካኔ እንዳይመስላችሁ። እኚህ ሰው በዝናብ ቀን የራሳቸውን ጃኬት አውልቀው ፈረሱን የሚያለብሱ ሰው ናቸው። ነገሩ ግን አንድ ጊዜ «ጠግቦ ነው» ካሉ በኋላ የፈረሱ ጎን ሲገባ እያዩ እንኳ ቃላቸውን አያነሱም።

ጎኑ ሲገባ ጊዜ ጉዳዩ ጋሪ ማቆሚያው ጋ ደረሰ። እዚያ እያንዳንዱ ባለጋሪ አንድ አንድ በሽታ አለው። አንዱ ዓይን ነው አለ። ሌላው እርጥብ ሣር ነው አለ፤ ጎረቤቱ ደግሞ ደረቅ ሣር ነው አለ። እኔ ጣልቃ ስገባ፣ ግጥም እንደምሞክር ያውቃሉና፣ «ተዉአት፣ ግጥም ትጻፍለት፣ ይሻለዋል» አሉና ተሳሳቁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነስተው የፈረሱን ላይኛ ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጡና ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ ያለውን ሥጋ አዩ።

«ላንቃው ወርዷል» አሉ።

አበቃ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም ሌላ ቦታ አላየም። እንደ ሕፃን እንጥል ማለት ነው፤ ሕፃን ጡት እምቢ ሲል እንጥሉ ወርዷል እንደሚባለው፣ ፈረስም ሣር እምቢ ሲል ላንቃው ወርዷል ይባላል። የሕፃኑ ይቆረጣል፣ የፈረሱ ይተኮሳል። ማጭድ በከሰል እሳት ላይ እስኪቀላ ይደረግና ያ የፊት ላንቃ ይጠበሳል። ከእህል በረንዳው ጀርባ ይህን የሚሠሩ ሰው አሉ፤ ባለጋሪ ሁሉ ያውቃቸዋል።

እኔም አውቃቸዋለሁ። የጎረቤታችንን ፈረስ ሲተኩሱ በአጥር አይቻለሁ። ሽታውን አልነግራችሁም። ፈረሱ ከዚያ በኋላ ሣር ሲያቀርቡለት ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ ቆመ። ከዚያ ራቡ ከሕመሙ ሲበልጥበት በላ። ሲበላ ባለቤቱ ግቢውን ሁሉ «ዳነ» እያለ ዞረ። ሰው በርሃብ ሲሸነፍ ዳነ አይባልም፤ ፈረስ ሲሆን ለምን እንደሚባል ጠይቄ የመለሰልኝ የለም።

«አንቺም እንጥልሽን ተቆርጠሽ ነው ያደግሽው» አሉኝ አጎቴ፣ ከክሊኒኩ የተመለስኩ ማታ። እራት ላይ ነን። «ሞትሽ?»

«አልሞትኩም፣ ጋሼ። ግን ማን ጠየቀኝ?»

«አፍ አልነበረሽማ። ዛሬ ነው የበዛልሽ።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ለእሳቸው ወገነች፦ «ጡት እምቢ ብለሽ ስትንጫረሪ አዝለው የወሰዱሽ እሳቸው ናቸው። ሌሊቱን ሁሉ ጸልየውልሻል። ክፉ አስበውልሽ ነው?»

ከዚህ ጋር እንዴት ይከራከሩታል? በፍቅር የተደረገ ስህተት አጥሩ ረጅም ነው። ክፉ ሰው ቢሆኑ እጮህባቸው ነበር። እኚህ ግን አዝለው የወሰዱኝ አጎቴ ናቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እርስዎ» እያልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የምጣላቸው።

ስለዚህ ውል ገባሁ። «ነገ ከሰዓት ክሊኒክ አብረውኝ ይሂዱ» አልኳቸው። «አፉን ይያዙለት። ሐኪሙ ከፍቶ ምንም ካላገኘ፣ ከሰሉን ራሴ አቀጣጥልልዎታለሁ።»

«በእናትሽ ፊት ነው ያልሽው።»

«በእናቴ ፊት ነው ያልኩት።»

በማግስቱ ሄድን። አጎቴ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ ሐኪም ቤት ነው የሚሄዱት። ክሊኒኩ ከሰዓት ጭር ይላል፤ አንድ በግና ባለቤቷ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ እጁን ታጠበ፣ የስልኩን መብራት አበራ፣ ለአጎቴ እንዴት እንደሚይዙ አሳያቸው። የፈረሱን ምላስ በአንድ ጎን ስቦ አውጥቶ በሌላው እጁ ወደ ውስጥ ገባ። ፈረሱ ዓይኑ ነጩ እስኪታይ ፈጠጠ። አጎቴ ጆሮው ሥር «እሺ፣ እሺ፣ የኔ ጌታ፣ እሺ» ይሉታል፤ እንዲህ ለስላሳ ድምፅ እንዳላቸው ረስቼው ነበር።

«አሃ» አለ ሐኪሙ።

ከጉንጩ ውስጥ የበሰበሰ ሣር በጣቱ ጎልጉሎ አወጣና መሬት ላይ ጣለው። ሽታው የበጓ ባለቤት ጋ ሲደርስ ሰውዬው በጓን ይዞ ራቅ አለ።

«ነይ እዪ» አለኝ። መብራቱን ያዝኩለት። ከላይ ከኋላ ያሉት የመንጋጋ ጥርሶች ወደ ውጭ ሾለዋል፤ ጠርዛቸው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው። ጉንጩ ላይ ከጥርሱ ትይዩ ቁስል አለ፣ ዳር ዳሩ ነጣ ያለ፣ መሀሉ ቀይ። ባኘከ ቁጥር ራሱን ይቆርጣል ማለት ነው። ከዚያ ልጓሙ አለ። አጎቴ የተሰበረውን ልጓም በሽቦ ጠምጥመው ጠግነውታል፤ የሽቦው ጫፍ ቁስሉ ያለበትን ጉንጭ ከውጭ እየገፋ ጥርሱ ላይ ይጭነዋል። ከውስጥ ጥርስ፣ ከውጭ ሽቦ፣ መሀል ላይ ሥጋ።

«ይሄ ፈረስ እስካሁን የበላውም ጀግና ሆኖ ነው» አለ ሐኪሙ። «ጥርሱ በሞረድ መስተካከል አለበት። ቀላል ነው፣ አያመውም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አለኝም፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

«አሁን ይሞርዱታል?»

«የፈረሱ ሞረድ እዚህ የለም። ባልደረባዬ ለክትባት ገጠር ይዞት ወጥቷል። ሐሙስ ይመጣል። እስከዚያ ልጓም አይግባበት፣ ጋሪ አይጎትት፣ ፉርሽካ በውኃ አርሰሽ ስጪው፣ አፉን በጨው ውኃ እጠቢለት። ሐሙስ ጥዋት ሁለታችሁም ይዛችሁት ኑ፤ ያለሁለት ሰው አይሆንም። ከተሞረደም በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ያርፋል።»

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ማለቅ ነበረበት። ሐኪም ተናግሯል፣ ቁስሉ ታይቷል፣ ሽቦው ታይቷል። አጎቴ ግን የፈረሱን አፍ ለቀው፣ እጃቸውን በሣር እየጠረጉ፣ በትሕትና ጠየቁ፦

«ላንቃውስ፣ ዶክተር?»

ሐኪሙ አያቸው። ሽበታቸውን አየ፣ ኮታቸውን አየ። የሆነውን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ሐኪሙ ወጥቶ አያቱን የሚያከብር የልጅ ልጅ ገባ።

«አባባ፣ እንዳሉት ላንቃውም ትንሽ አበጥ ብሏል፤ ግን...»

ከ«ግን» በኋላ ብዙ ነገር አለ። ጤነኛ ፈረስ ላይም እንዲህ እንደሚሆን፣ ሣር የሚበላ ሁሉ ላንቃው ሞላ እንደሚል፣ በሽታ እንዳልሆነ በደንብ አስረዳ። አጎቴ ከ«ግን» በኋላ ያለውን አልሰሙም። ራሳቸውን እየነቀነቁ «አበጥ ብሏል» የምትለዋን ቃል ኪሳቸው ውስጥ ከተው ጨርሰዋል።

«ዶክተር» አልኩ፣ «መተኮስ የለበትም ብለው በግልጽ ይንገሯቸው።»

«አባባ ብዙ ልምድ አላቸው» አለ ሐኪሙ፣ እያየኝ ሳይሆን ጓንቱን እያወለቀ። «እኔ እንኳን... ባይተኮስ ይመረጣል።»

ይመረጣል። ለሽማግሌ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር በሆነበት አገር «ባይሆን ይመረጣል» ማለት «እንደፈለጉ» ማለት ነው። ይህን ሐኪሙም ያውቃል፣ አጎቴም ያውቃሉ፣ በጓ ሳትቀር ታውቃለች። በትናንትናው ዕለት «ባለቤቱ የት አለ?» ብሎ በወረፋው ፊት ሲያሳፍረኝ ምላሱ አልታሰረም ነበር። ለእኔ ስለት የነበረው ምላስ ለአጎቴ ቅቤ ሆነ።

በመንገድ ላይ ተጨቃጨቅን። ፈረሱ በመሀላችን ይሄዳል፤ እኔ በግራ፣ እሳቸው በቀኝ፣ በአንገቱ ላይ እየተነጋገርን።

«ሰማሽው አይደል? አበጠ አለ።»

«ጥርሱ ነው አለ፣ ጋሼ። ከላንቃው በፊት ጥርሱን ነው ያለው፣ ከላንቃው በኋላም ጥርሱን ነው ያለው።»

«ጥርሱንም ይሞረድ። ማን ከለከለ? ላንቃውም ይተኮስ። ሁለት መድኃኒት ከአንድ ይሻላል።»

«የቆሰለ አፍ ላይ እሳት መጨመር መድኃኒት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ፈረስ አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ አውቀዋለሁ።»

«ያኔ እኮ የሚነዳው አባቴ ነበር እንጂ እርስዎ...» ብዬ ሳልጨርስ አንድ ባጃጅ ከኋላችን ጥሩምባውን ለቀቀው። ፈረሱ ደነገጠ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ግንባሩ ላይ እጃችንን አሳረፍን።  ቤት ስንደርስ አጎቴ «ሐሙስ ሩቅ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

በማግስቱ ጠዋት ፉርሽካውን በለብ ያለ ውኃ አርሼ፣ ትንሽ ጨው ጨምሬ ሰጠሁት። ከንፈሩን አስገባና ቆም አለ። ከዚያ ጠጣው ማለት ይቀላል፤ አፍንጫው ድረስ አስገብቶ እየሳበ፣ ድምፅ እያሰማ ጨረሰው። ባልዲውን ላሰው። ባልዲውን እየገፋ ግድግዳው ጋ ወሰደው። ያን ድምፅ ሰምቶ «ጠግቦ ነው» የሚል ሰው ቢኖር በደስታ እቀበለው ነበር። ልጓሙን ወስጄ ቆጥ ላይ ደበቅኩት፤ አጎቴ ሐሳባቸውን ቀይረው ጋሪ ላይ ቢያስሩት ብዬ ነው። ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ ከሰዓት በኋላ ገባኝ። አጎቴ ልጓሙን አልፈለጉትም። ላንቃ ተኳሹን ይዘው መጡ።

ሰውዬው ንጹሕ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል ይዘዋል። «ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን» ብለው ገቡ፤ ከአጎቴ ጋር በሲዳምኛ ስለ ጤፍና ስለ ዝናብ ተነጋገሩ። አጎቴ ምድጃውን ከማድቤት አውጥተው ከሰል አቀጣጠሉ። እናቴ ገበያ ናት። ከሰሉ ሲቀላ ማጭዱ ከጨርቁ ወጣ፤ እኔ ጋጣው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ዞር በይ» አሉ አጎቴ። አልጮኹም።

«ሐኪሙ ጥርሱ ነው ብሏል፣ አባባ» አልኩ፣ ለአጎቴ ሳይሆን ለሰውዬው። «ሐሙስ በሞረድ ይስተካከላል።»

«ጥርስ የሚሞርድ?» አሉ ሰውዬው ፈገግ ብለው። «አናጢ ነው ወይስ ሐኪም?»

አጎቴ ሳቁ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያቸው ሳቅ ነው፤ አንጀቴን በላው፣ ግን ከበሩ አልተነሳሁም።

«ሐኪሙ አብጧል ብሏል» አሉ አጎቴ። «ራሷ ሰምታለች።»

«እጅዎን አስገብተው ጉንጩን ይዩልኝ» አልኳቸው ሰውዬውን። «ቁስል አለ። እዚህ፣ ከኋላ። አይተው ላንቃው ነው ካሉኝ ዞር እላለሁ።»

«እኔ የተጠራሁት ለላንቃ ነው።»

እዚህ ላይ ሁሉ ነገር ባዶ ሆነብኝ። ሐኪሙ የተጠራው ለትላትል ነበር። ጋሪ ማቆሚያው ለዓይንና ለሣር። እኚህ ደግሞ ለላንቃ። አንድ አፍ ነው ያለው፣ አንድ ፈረስ ነው፤ ሁሉም አንዳንድ ጥግ ይዞ የቀረውን ጥግ የማየት ግዴታ የለብኝም ይላል። እኔ ስለ ፈረስ ያነበብኩት ነገር የለም። ያየሁት ግን በየቀኑ ነው። መቼም በየቀኑ ማየት እንደ ሙያ አይቆጠርም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቢተኮስ መቼ ይሠራል?»

«ነገ ባይሆን ከነገ ወዲያ።»

«የጎረቤታችን ፈረስ ከነገ ወዲያ ሠራ? ወደ ግድግዳ ዞሮ ቆሞ ነበር። እርስዎም አይተውታል።»

«ዳነ።»

«አልዳነም። ራበው።»

አጎቴ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ተንቋቋ። «እሺ ሐኪምሽ ያለው ይሁን» አሉ። «ሐሙስ ይሞረድ። ከዚያስ?»

«ቁስሉ እስኪደርቅ ያርፋል።»

«እስኪደርቅ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

 ለዚህ ጥያቄ ሐኪሙም መልስ የለውም፣ ሞረድም መልስ የለውም። ጋሪ ከቆመ አጎቴ ቤት ምድጃ አይሞቅም፤ አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ በሩ ላይ መቆሜ ያመኛል። ከበሩ ብነሳ ደግሞ የሚያመው እሱ ነው፣ ከኋላዬ ትንፋሹ አንገቴን የሚያሞቀው።

«የእኔን ድርሻ ይውሰዱ» አልኩ። «እስኪያገግም በሌላ ሰው ጋሪ ይቀጠሩ፣ ሲድን ለጊዜው ሁሉንም እርስዎ ይውሰዱ።»

«እኔ ለማኝ ነኝ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«እንዲያ ነው ያልሽው። ልጓም ሠላሳ ዓመት የያዘ ሰው፣ በወንድሙ ልጅ ምጽዋት።» ወደ ሰውዬው ዞሩ። «ማጭዱ ቀልቷል። ይጀምሩ።»

ሰውዬው አልጀመሩም። ማጭዱን ከእሳቱ አነሱ፣ ቀይ ጫፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ፈረሱ የማን ነው?» አሉ።

አጎቴ ምድጃውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ከሰሉ ተንጣጣ። «የወንድሜ ነበር» አሉ።

«አሁንስ?»

«አሁን የእሷ ነው።»

«እሷ እምቢ ካለች እኔ ምን አግብቶኝ?» ሰውዬው ማጭዱን ምድጃው አጠገብ ባለ የውኃ ባልዲ ውስጥ ነከሩት፤ ጮኸና እንፋሎቱ ወጣ። «ነገ ፈረሱ ቢሞት ተኩሰው ገደሉት ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስሜን ጠብቄያለሁ።» ማጭዱን በጨርቁ ጠቀለሉ፣ በፌስታሉ ከተቱ፣ «ሰላም ዋሉ» ብለው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ሕሊና አልነበረም ያቆማቸው። ስማቸው ነበር። እኔም የትኛውም ቢያቆማቸው ግድ አልነበረኝም።

አጎቴ ግን ቁጢጥ እንዳሉ ቀሩ። ከሰሉ ላይ ውኃ አፈሰሱበት፣ በጥንቃቄ፣ ፍሙ እስከ ጫፍ እስኪጠፋ። ሲነሱ ጋሪው ላይ የሰቀሉትን ጃኬት አወረዱ። ጅራፉን ከጋሪው ማዕዘን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንኪ።»

«ጋሼ፣ እኔ ጅራፍ ምን ያደርግልኛል?»

«ባለቤት አይደለሽ? ሰው ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ ለእኔ የተናገርሽውን ሁሉ ተናግረሻል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አልነዳም። ጋሪውም ያንቺ፣ ፈረሱም ያንቺ።»

«ከእርስዎ ጋር አልተጣላሁም። ከማጭዱ ጋር ነው።»

«ማጭዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ጅራፉን አልተቀበልኳቸውም፤ መሬት ላይ አስቀመጡት፣ አልወረወሩትም። ጃኬቱን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደ ግቢው በር ሄዱ። ተከተልኳቸው፣ እስከ ግቢው መሀል።

«ሐሙስስ?» አልኩ። «አፉን የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ አይከፍትም። እርስዎ እኮ ሰምተዋል። ያለሁለት ሰው አይሆንም ብሏል። ለእርስዎ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ለሌላ ሰው አይቆምም፣ ይረግጣል።»

ቆሙ። እጃቸው በሩ መዝጊያ ላይ ነው። ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል፤ የሸሚዛቸው ስፌት ትከሻው ላይ ተፈትቷል። ከጋጣው ውስጥ ፈረሱ ባዶውን ባልዲ በአፍንጫው ይገፋል።

«ጥዋት ነው ከሰዓት?» አሉ።

«ጥዋት።»

 እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። የቆርቆሮውን በር ከፍተው ወጡና ከኋላቸው ዘጉት።